ባሕር ዳር ለእረፍት ሄዳችሁ ስፖርታችሁ እንዳይቋረጥ

ባሕር ዳር ስሄድ የማርፈው እህቴ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ ቁርስ ከቀረበ ቀኑ የኔ አይደለም፤ ቁርሱ ቡና፣ ቡናው ጎረቤት፣ ጎረቤቱ ምሳ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ስፖርታችሁን ከቁርስ በፊት ጨርሱ። ማታውኑ ጫማችሁን በር ሥር አስቀምጡና ለቤቱ ባለቤት በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ። ሳይናገሩ መውጣት ሰው ያስጨንቃል። እህቴ አሁን ምጣዱን የምትጥደው እኔ ታጥቤ ስወጣ ነው።

በደንብ ሲነጋ ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱ። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ውሃውን ይዞ የሚሄድ የእግረኛ መንገድ አለ። ከተማዋ ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ትንፋሽ ይቀላል። ሙቀቱ ግን ያደክማል፣ በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ ተመለሱ።

በእረፍት ጊዜ ቀኑንም ደቂቃውንም መቀነስ ይቻላል፤ ጥንካሬውን ግን አትቀንሱ። ሰውነት የለመደውን አቅም በትንሽ ሥራም ቢሆን ለሳምንታት ይዞ ይቆያል፣ ሥራው ጠንከር ያለ እስከሆነ ድረስ። እኔ 5 ደቂቃ በፈጣን እርምጃ አሟሙቃለሁ፤ ከዚያ 1 ደቂቃ ፈጠን ብዬ እሮጣለሁ፣ 2 ደቂቃ በሶምሶማ፣ እንዲህ እያልኩ 20 ደቂቃ።

ለጡንቻ ጂም አያስፈልግም። ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ በጀርባ ቦርሳ ከታችሁ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ሥሩ። ፑሽ አፕ ሲሆን እጃችሁን ከትከሻ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ በሦስት ቆጠራ ውረዱ፣ በአንድ ውጡ። አወራረዱ ሲዘገይ የራስ ክብደት ብቻውን ይበቃል፤ በስምንተኛው ክንድ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ሩጫ ከሰለቻችሁ ሳይክል ተከራይታችሁ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ። ዳገቱ ጭናችሁን በደንብ ያሠራዋል፣ ከላይ ደግሞ ዓባይን ታዩታላችሁ። በጀልባ ወደ ዘጌ የምትሄዱበት ቀን ሌላ ስፖርት አትጨምሩ፤ በቡናው ጫካ ውስጥ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መውጣቱ ይበቃል።

ጣና ውስጥ ግን አትዋኙ፣ እባካችሁ። ቢልሃርዚያ አለ፤ የሚገባውም በቆዳ ስለሆነ ውሃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬም አለ። መዋኘት የፈለገ ገንዳ ያለው ሆቴል ይጠይቅ።

ጾም ከሆነ ጠዋት በእግር መሄድ ብቻ ይበቃል። ጠንከር ያለውን እህል ከመቅመሳችሁ ግማሽ ሰዓት አስቀድማችሁ ሥሩት፤ ውሃውም ምግቡም ወዲያው ይከተላል።