ዩቪው ሲጠፋ ፍካቱም አብሮ ከጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

የማወራው የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ከጠፋ በኋላም በክፍል ሙቀት መፍካታቸውን መቀጠል ስላለባቸው ኦርጋኒክ ናሙናዎች ነው። መብራቱ 365 ናኖሜትር መሆኑን፣ ክፍሉም በደንብ መጨለሙን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ችግር፦ የፖሊቪኒል አልኮል ፊልም ትናንት ለሰከንዶች ይፈካ ነበር፤ ዛሬ የለም።
እርጥበት ገብቶበታል። ውሃው የሚፈኩትን ሞለኪውሎች አጥብቆ የያዘውን የሃይድሮጅን ቦንድ ያላላዋል። የላሉት ሞለኪውሎች ደግሞ ጉልበታቸውን ብርሃን ሳያደርጉ በእንቅስቃሴ ይጨርሱታል። አሙቃችሁ አድርቁት፤ ይመለሳል። ከዚያ ክፍት ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት።

ችግር፦ የፒኤምኤምኤ (አክሪሊክ ፕላስቲክ) ፊልም መጀመሪያ አይፈካም፤ ዩቪ ሲቆይበት ይነቃል።
ኦክስጅን ነው፤ የትሪፕሌቱን፣ ማለትም ረጅሙ ፍካት የሚመጣበትን የሞለኪውል ሁኔታ፣ ጉልበት ይነጥቃል። ዩቪው ሲቆይ ፊልሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ታገሱ፣ ወይም ናይትሮጅን ውስጥ ለኩ።

ችግር፦ ክሪስታሉ ሲፈጭ ጠፋ።
አትፍጩት። እንደገና ክሪስታል አድርጉት።

ችግር፦ አዲስ የካርባዞል (የሚፈካው ሞለኪውል የሚሠራበት መነሻ ኬሚካል) ጠርሙስ ተከፈተ፣ ፍካቱ ጠፋ።
ደጋግሜ ያየሁት ይሄን ነው። አንድ ተማሪ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሟሟውን፣ ሙቀቱን፣ መብራቱን ሳይቀር ሲቀያይር ከረመ። አሠራሩ ላይ ምንም ስህተት አልነበረም። የተለወጠው ጠርሙሱ ብቻ ነው።

የሚሸጠው ካርባዞል ብዙውን ጊዜ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚወጣ ነው። ቤንዞኢንዶል የሚባል ኢሶመሩ (አተሞቹ ያው ሆነው አቀማመጣቸው የተለየ) አብሮት ይመጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. በኔቸር ማቴሪያልስ የታተመ ጥናት መጠኑ ከ0.5 በመቶ በታች መሆኑን አሳየ። ተመራማሪዎቹ ካርባዞሉን ራሳቸው ሲሠሩት ረጅሙ ፍካት ጠፋ ማለት ይቻላል። ኢሶመሩን ጨምረው ሲያዩት ተመለሰ። ስለዚህ የናንተ ናሙና የሚፈካው በዚያች ጥቂት ባዕድ ነገር ሊሆን ይችላል።

ክሪስታል ደጋግሞ ማድረግ ያጠራዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ሁለቱ በቅርጽ በጣም ስለሚቀራረቡ አብረው ይቀመጣሉ። ሪአክሽን ውስጥ ስታስገቡትም ኢሶመሩ አብሮ ይለወጥና እስከ መጨረሻው ምርት ይከተላችኋል። ኤንኤምአር (የሞለኪውል አወቃቀር መለያ መሣሪያ) ላይ ያቺን ትንሽ መጠን በቀላሉ ታልፏታላችሁ። ኤችፒኤልሲ (ድብልቅን ለያይቶ የሚያሳይ መሣሪያ) አስነሱ፤ ከትልቁ ፒክ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ፈልጉ።

ጠርሙሱ ላይ «ንጽህና 98 በመቶ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ አትርኩ። የቀረው 2 በመቶ ምን እንደሆነ አይነግራችሁም! ሻጭ ስትቀይሩ የባች ቁጥሩን ጻፉ። በቃል ይያዛል አትበሉ፤ አይያዝም። የድሮውን ጠርሙስም ጨርሳችሁ አትጣሉ፤ ለማነጻጸሪያ ትንሽ አስቀሩ። ያ ተማሪ የዳነው ከድሮው ጥቂት ግራም ስለተረፈው ነው።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ከቅጥራን ያልመጣ፣ በሲንተሲስ የተሠራ ካርባዞል ያዙ። ምርታችሁን በሱ ሥሩ። የኢሶመሩን ተመሳሳይ ምርት ለብቻ ሥሩና ከ1 በመቶ በታች መዝናችሁ ጨምሩበት። አሟሟቸው፣ አብራችሁ ክሪስታል አድርጓቸው። ከፈካ ምንጩን አገኛችሁ፤ የጨመራችሁትን መጠን ከውጤቱ ጋር ጻፉት። ካልፈካ ወደ እርጥበቱና ኦክስጅኑ ተመለሱ።