በጾምም በፍስክም፦ ባልና ሚስት ፍላጎታቸውን እንዴት ያቆዩታል?

የብዙ ትዳር መኝታ የሚቀዘቅዘው ፍቅር ስላለቀ አይደለም። ድካም ስለሚበዛና ስለ ሩካቤ አፍ አውጥቶ መነጋገር እንደ ነውር ስለሚቆጠር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተነጋገሩ፤ አልጋ ላይ ግን አይሁን። እዚያ የተነሳ ወቀሳ ጀርባ ያስዞራል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለዚህ ይመቻል። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልካችሁን ኪስ ከታችሁ ጎን ለጎን ስትራመዱ፣ ፊት ለፊት ስለማትተያዩ ከባዱ ነገር ይቀላል። «ምን ደስ ይልሻል? ምን ያስከፋሻል? መቼ ነው የማይደክምሽ?» ብሎ ባል ይጠይቅ፤ በተራውም ይጠየቅ።

ጾም ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ባልና ሚስት ሊለያዩ የሚችሉት ተስማምተው፣ ለጊዜው፣ ለጸሎት ሲሉ እንደሆነና ከዚያ ደግሞ አብረው እንዲሆኑ ይናገራል። የሚዘነጋው «ተስማምተው» የሚለው ነው። አንዱ ብቻውን ይወስናል፣ ሌላው ተገፋሁ ይላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ኩርፊያን በጾም ስም መሸፈን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አሉ። ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ተመካከሩ። አንዳችሁ ከከበዳችሁ አብራችሁ ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሂዱ። ከሩካቤ ስትከለከሉ መተቃቀፉን፣ እጅ ለእጅ መያያዙን፣ የማታውን ቡና አትተዉ። እነዚህ ከቀሩ፣ ጾሙ ሲፈታ ባዕድ ለባዕድ ትሆናላችሁ።

የፋሲካን ሌሊት እንውሰድ። ለአንድ ዶሮ ወደ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይላጣል፣ ይከተፋል፣ ይቁላላል። ዶሮው 12 ብልት ሆኖ ይወጣል፤ በሎሚና በጨው እየታሸ ውኃው እስኪጠራ ይታጠባል። ሚስት ይህን ሁሉ ጨርሳ፣ ቅዳሴ አስቀድሳ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ እግሯ አብጧል። 55 ቀን የጠበቀ ባል በዚያች ሰዓት እምቢታ ቢገጥመው ተናቅሁ ብሎ ያስባል፤ የተናቀ ግን የለም፣ የደከመ ሰው ነው ያለው። ቅዳሜ ዕለት ሽንኩርቱን እሱ ይላጥ፣ ልጆቹን እሱ ያስተኛ። ቀኑንም ለማግስቱ ወይም ለሰኞ ይቅጠሩት፤ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ የሚያጣድፍ የለም።

ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ወፍራም መጋረጃና የበር መቀርቀሪያ ቅንጦት አይደሉም። ልጅ ይነቃል ብሎ የሚሰጋ ሰው ሰውነቱ አይፈታም። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን አያታቸው ዘንድ አድርሷቸው።

አለመቸኮል ትልቅ ነገር ነው። የብዙ ሴቶች ሰውነት ከወንዱ ዘግይቶ ይሰናዳል፤ መሳሙና መዳበሱ ሲታለፍ ሕመም ይመጣል፣ የታመመ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ይሸሻል። በጡት ማጥባት ወቅት ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ስለሚቀንስ ድርቀት ያጋጥማል፤ ይህ ፍቅር መቀነሱን አያሳይም። ፋርማሲ የሚሸጠው ውኃ መሠረቱ የሆነ ማለስለሻ ይረዳል። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ቫዝሊን አትቀቡ፣ ላቴክሱን ያበላሸዋል። ሕመሙ ከቀጠለ «ልቻለው» አይባልም፤ የማህፀን ሐኪም ይታይ።

ባል ብልቱ አልቆም ካለ ስኳሩንና ደም ግፊቱን ይለካ፤ ሁለቱም የደም ሥር ስለሚጎዱ ችግሩ ቀድሞ እዚህ ሊታይ ይችላል። ክኒን በጓደኛ ምክር አይግዛ፤ ናይትሬት ያለበት የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግፊቱን በድንገት አውርዶ ሊገድለው ይችላል። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ ሚስቱም ከፈቀደ አብራው ትግባ።