ያረጀ ጋቢ፣ ሰም እና የቬትናም ሰማያዊ

እናቴ ልትጥለው ያወጣችውን ጋቢ ነው ያነሳሁት። ጫፉ ተበልቷል፣ መሀሉ ላይ የማይለቅ የወጥ ምልክት አለበት። ድሩንም ማጉንም የፈተለችው እሷ ናትና ወለል መወልወያ ላደርገው አልቻልኩም።

በሰሜን ቬትናም ተራሮች፣ ሳፓና ሃ ዣንግ አካባቢ፣ ህሞንግ የሚባሉት ሕዝብ ሴቶች በቀለጠ የንብ ሰም ጨርቅ ላይ ይስላሉ። ከዚያ ኢንዲጎ በሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ ውስጥ ይነክሩታል። ሰም ያረፈበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። የእነሱ ጨርቅ ከሄምፕ ተክል ልጥ ፈትለው የሸመኑት ነው። እኔ እዚህ ደብረ ብርሃን በጋቢ ሞከርኩት። ሰም ለቤታችን እንግዳ አይደለም፤ እናቴ ጧፍ ስትሠራ ነው ያደግኩት።

አዲስ ጨርቅ ገዝታችሁ አትጀምሩ። ያረጀ ሸማ ቤት ውስጥ እያለ ሌላ ማሸመን ብክነት ነው። ጋቢ ግን አራት ድርብ ስለሆነ ሰም አያልፈውም። ስፌቱን ፍቱና አንዱን ድርብ ብቻ ለዩ። ቅባቱ እስኪለቅ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት።

የህሞንግ ሴቶች በሰም የሚስሉበት ብዕር ቀጫጭን የመዳብ ቅጠሎች ተደራርበው ቀርከሃ ላይ የታሰሩበት ነው። ሰሙን የሚይዘው በመሀላቸው ያለው ክፍተት ነው። እኔ ከመዳብ ቆርቆሮ ባለ ሦስት ማዕዘን ሁለት ቁራጭ ቆርጬ ሸምበቆ ላይ በሽቦ አሰርኩ።

ሰሙን በጣሳ አድርጋችሁ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። እሳት ላይ በቀጥታ ከጣዳችሁት ይቀጣጠላል። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ሰም ግን 63 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ይበቃዋል። ያስቸገረኝ ብርዱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሰሙ ጨርቁ ላይ ሳይደርስ ብዕሩ ላይ ረጋብኝ። በማግስቱ ከሰሉ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ብዕሩንም እስኪግል ሰሙ ውስጥ አቆየሁት። መስመሩ ያኔ ወረደልኝ። በየመሀሉ ጨርቁን ገልብጣችሁ እዩ። ሰሙ በጀርባው እንደ እርጥበት ካልታየ አልገባም ማለት ነው፤ ድገሙት።

ለቀለሙ 8 ሊትር ሙቅ ውሃ፣ 20 ግራም የኢንዲጎ ዱቄት፣ 40 ግራም ደቃቅ ኖራና 90 ግራም ማር ተጠቀምኩ። ኖራው ውሃ ሲነካው የሚንተከተክ ከሆነ አይሆንም። ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ። በቀስታ አማስላችሁ፣ ከድናችሁ፣ ሙቀቱ እንዳይሸሽ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ላዩ መዳብ መሳይ ቆዳ ሲያወጣና ከሥሩ ያለው ውሃ ቢጫ አረንጓዴ ሲሆን ደርሷል። ጨርቁን ከማስገባታችሁ በፊት ለብ እስኪል ጠብቁ፤ ትኩስ ከሆነ ሰሙን ያቀልጠዋል።

ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥባችሁ፣ ሳታጥፉት፣ ከታች የዘቀጠውን ኖራ ሳትነኩ ለ5 ደቂቃ ንከሩት። ሲወጣ አረንጓዴ ነው። ከዚያ ነፋስ ሲያገኘው ዓይናችሁ እያየ ይሰማያል! ቀለሙን የሚያመጣው አየሩ ነው። እናቴን ከጓዳ ጠርቼ ያሳየኋት ይህን ነው። እኔ 6 ጊዜ ነክሬዋለሁ፤ በየመሀሉ ማናፈስ አይቀርም።

ደርቆ ሲያበቃ ትንሽ አቼቶ ጠብ ባለበት ውሃ አለቅልቁት። ቀጥሎ ቀቅሉት፤ ሰሙ ለቆ ነጩ መስመር ይወጣል። ድስቱን አሳድሩት። ጠዋት ሰሙ ላዩ ላይ እንደ ቂጣ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ሰማያዊ ስለነካው ለጧፍ አይሆንም፤ ለሚቀጥለው ድርብ አስቀምጡት።