ዳር የወጣ የባሕር አንበሳ ስታዩ

ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የምትኖሩ፣ በተለይ ውሻችሁን ይዛችሁ ኦሽን ቢች የምትወርዱ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ነገሩ ሌፕቶስፓይሮሲስ ነው። የባሕር አንበሶችን ኩላሊት የሚጎዳ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እነሱ ላይ ከታየ ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየጥቂት ዓመቱ ይነሳል። የሚበረታው ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ነው።

መጀመሪያ በሩቁ እዩት። አሸዋ ላይ ስለተጋደመ ብቻ ታሟል ማለት አይደለም፤ ጤነኛውም ሊያርፍ ይወጣል። እኔ ቶሎ የማየው የኋላ እግሮቹን ነው። ጤነኛ የባሕር አንበሳ አሸዋ ላይ በአራቱም ይራመዳል። ሌፕቶ የያዘው የኋላዎቹን መጠቀም አይፈልግም። እጅና እግሩን ሆዱ ላይ አጥፎ፣ ቁርጠት እንደያዘው ሰው ኩርምት ይላል። ውኃ ሲጠጣ ካያችሁትም ጠርጥሩ። ጤነኛው ውኃውን የሚያገኘው ከሚበላው ዓሣ ነው። ኩላሊቱ የተጎዳው ግን ሰውነቱ ውኃ አይይዝለትም፤ ይጠማዋል፣ ሽንቱም ይበዛል።

አደገኛው ደግሞ ሽንቱ ነው። ባክቴሪያው በእሱ ይወጣና በቁስል፣ በዓይን ወይም በአፍ ወደ ውሻም ወደ ሰውም ይገባል። ስለዚህ ውሻውን እሰሩት፣ ልጆቹን ሰብስቡ፣ ቢያንስ 45 ሜትር ራቁ።

አንጀታችሁ ቢላወስም ውኃ አታፍሱበት፣ ዓሣ አትወርውሩለት። ወደ ባሕር መግፋት ከሁሉም የከፋ ነው፤ የወጣው አቅም አጥቶ ነው እኮ። በ1972ቱ የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ ሕግም ክልክል ነው።

ሳውሳሊቶ ላለው የባሕር አጥቢ እንስሳት ሕክምና ማዕከል፣ ዘ ማሪን ማማል ሴንተር ደውሉ። ቦታውን በደንብ ንገሯቸው፤ የትኛው መውረጃ፣ የትኛው ድንጋይ አጠገብ። የኋላ እግሩን ይጠቀማል ወይስ አይጠቀምም? መለያ ታስሮበታል? በስልካችሁ ዙም አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ እንጂ አትጠጉ።

እዚያ ደሙ ይመረመራል፣ አንቲባዮቲክና ፈሳሽ ይሰጠዋል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ በሽታ ክፉኛ ታመው ከሚወጡት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ታክመውም አይተርፉም። ኩላሊት ክፉኛ ከተጎዳ መመለሱ ከባድ ነው። ለዚህ ነው «ሌላ ሰው ደውሎ ይሆናል» ብላችሁ አትለፉ የምለው።

ነክታችሁት ከሆነ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ከመጣባችሁ ለሐኪሙ የባሕር አንበሳውን ነገር ሳትደብቁ ንገሩት። ለውሻችሁ የሌፕቶ ክትባት ስላለ፣ መከተቡን የእንስሳት ሐኪማችሁን ጠይቁ።