ርካሽ የዲዛይን ግድግዳ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐረር መኪና ግርግር ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ያለችው ያቺ ጠባብ መንገድ ስሟን ያገኘችው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሠራሉ፣ ከመኪናቸው ሥር ብጣሽ ጨርቅ ይከመራል። የእኔም የብጣሽ ጨርቅ ብርድ ልብስ ሥራ የተጀመረው ከዚያ ክምር ነው። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። "ውሰጂው ልጄ፣ እኛ'ኮ ጠርገን ነው የምንጥለው" አሉኝ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ወደተከራየሁት ክፍል ይዤው ወረድኩ።

ከብጣሽ ጨርቅ ብርድ ልብስ መሥራት፣ ፈረንጆቹ ኩዊልት የሚሉት፣ ከድሪቶ ይለያል። ድሪቶ የተቀደደ ለመሸፈን የሚጣፍ ስለሆነ ቀለም አይመርጥም። ኩዊልት ሦስት ሽፋን አለው፦ ከላይ የተገጣጠመው ፊት፣ መሀል ላይ ሙቀት የሚይዘው ጥጥ፣ ከታች ጀርባው። ልፋቱ በሙሉ ፊቱ ላይ ነው። የትኛው ቀይ ከየትኛው ቢጫ አጠገብ ይቀመጥ? ጥቁሩ መሀል ይሁን ዳር? ይህንን ሳትሰፉ በፊት ማየት አለባችሁ።

መሬት ላይ ብትደረድሩት ከእግራችሁ ሥር ያለው ትልቅ፣ ማዶ ያለው ትንሽ ሆኖ ይታያችኋል። ልጅ ይረግጠዋል፣ ወገብም ይይዛል። ለዚህ ነው የዲዛይን ግድግዳ የሚያስፈልገው። ፀጉራም ጨርቅ የለበሰ፣ ቁራጭ ጥጥ ጨርቅ ያለ እስፒል የሚለጠፍበት ቀጥ ያለ ቦታ ነው። ቁራጩን በመዳፍ ጫን ስታደርጉት ይይዛል፣ ስትነቅሉት ይላቀቃል። ሐሳባችሁን በለወጣችሁ ቁጥር ቁራጩን ታዛውራላችሁ።

ውድ ነገር አይደለም። ግን በርካሽ ሲሠራ የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ፤ አብዛኞቹ እኔም ላይ ደርሰዋል።

ፀጉር የሌለው ጨርቅ መግዛት

ከሁሉም የሚብሰው ይኼ ነው። ርካሽ ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው አቡጀዲ ነው። ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣ በየሱቁ አለ። እኔም አራት ሜትር ገዝቼ ግድግዳውን አለበስኩት። የመጀመሪያውን ቁራጭ ለጠፍኩ፤ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ወረደ። አቡጀዲ ክሩ ወጥሮ የተሸመነ፣ ፊቱ ሙልጭ ያለ ጨርቅ ነው። ቁራጩን አንቆ የሚይዝ አንዳች ነገር የለውም። ቁራጩን የሚይዘው ከፍ ከፍ ያለው ፀጉር ነው፤ ከቁራጩ ጥጥ ጋር ይጠላለፋል። ያ ከሌለ በየቁራጩ እስፒል መሰካት ሊኖርባችሁ ነው። መቶ ቁራጭ ላይ እስፒል ሰክቶ መልሶ መንቀል ደግሞ ሰው ያሰለቻል። ያን ጊዜ ማዛወሩን ትተዉታላችሁ፣ መጀመሪያ የመጣላችሁን አደራደር ትሰፉታላችሁ።

ስለዚህ ወደ መጋላ ገበያ ስትወጡ ከምትሠሩበት ጨርቅ አንድ ቁራጭ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ። መዳፍ የሚያህል ይበቃል። ባለሱቁን "እስኪ ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ" በሉት። ቁራጩን ለጥፉና እጃችሁን አንሱ። ከዚያ ጨርቁን ነቅነቅ አድርግልኝ በሉት። እኔ ይህን ሳደርግ ባለሱቁ ግራ ገብቶት ያየኝ ነበር። ቁራጩ ሳይወድቅ ሲቀር ግን "አቦ! ማግኔት አለው እንዴ?" ብሎ ራሱ ደግሞ ሞከረው። ነቅነቅ ተደርጎ ካልወደቀ ግዙት።

የትኞቹ ይይዛሉ? ለሕፃናት መጠቅለያ የሚሆነው ፀጉራም የጥጥ ፍላኔል በጣም ጥሩ ነው። ስስ የፍሊስ ብርድ ልብስም ይይዛል፤ ሳልቫጅ ተራ ስትዞሩ ሰፊውንና ያልተላጨውን ምረጡ። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም አለ፦ የጠረጴዛ ላስቲክ። አንዳንዱ ላስቲክ ጀርባው ፀጉራም ጨርቅ ነው። ገልብጣችሁ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጉት። ያረጀ ጋቢም ትንንሽ ቁራጮችን ይይዛል፤ ግን ሽመናው ሰፋ ያለ ስለሆነ በራሱ ክብደት እየተለጠጠ ይወርዳል። እኔ ጋቢዬን ለብርዱ ሰሞን ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ግድግዳው ጥሩ ቢሆንም ሁሉንም ጨርቅ አይዝም። ሳቲን ይንሸራተታል፣ ጂንስ ይከብዳል። ለእነሱ እስፒል ተጠቀሙ።

አበባና ነብር ያለበት ብርድ ልብስ ማልበስ

የእኛ ገበያ ብርድ ልብስ አበባ፣ ነብር ወይም ፈረስ ሳይሳልበት አይመጣም። ከሥሩ የነብር ዓይን እያያችሁ ቀለም መምረጥ አትችሉም። ነጠላ ቀለም ካጣችሁ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት፤ ብዙ ጊዜ ጀርባው ፈዘዝ ያለ ነው።

ነጭ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። እንደ ድሬ ፀሐይ ባለበት ክፍል ግን ነጭ ዓይን ይወጋል፣ ፈዛዛ ቁራጮችንም ይውጣቸዋል። የእኔ ምርጫ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው። ነጩም ጥቁሩም በየራሱ ይለይበታል።

ፎም ላይ ማስቲሽ መቀባት

ጨርቁ የሚወጠርበት ጀርባ ያስፈልጋል። የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ቀላል ነው፣ እስፒልም ይቀበላል። ስህተቱ ማጣበቂያው ላይ ነው። እኔ ሁለት የፎም ቁራጭ ላገናኝ የጫማ ማስቲሽ ቀባሁ። ዓይኔ እያየ ፎሙ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ወደ ውስጥ ሟሟ። ጠርዙ ተበልቶ ጉድጓድ ሆነ፣ ክፍሉም ራስ በሚያዞር ሽታ ተሞላ። ማስቲሹ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ እንዲህ ያለውን ፎም ያሟሟዋል። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛም እንደዚያው ናቸው። ለፎም የሚሆነው አናጢዎች ለእንጨት የሚጠቀሙበት ነጩ የውሃ ኮላ ነው። ቶሎ አይደርቅም፣ ታገሡት።

ፎም እሳት በጣም እንደሚፈራም እወቁ። ቶሎ ይያያዛል፣ ጭሱም ለጤና መጥፎ ነው። ከሰል ከምታቀጣጥሉበት፣ ቡና ከምታፈሉበትና ካውያ ከምታስቀምጡበት ቦታ አርቁት። ፍሊስም በካውያ ይቀልጣል።

አሁን እኔ የምጠቀመው ካርቶን ነው። የፍሪጅ ካርቶን ሱቆች በነፃ ወይም በትንሽ ብር ይሰጣሉ። ካርቶን ውስጡ መስመር መስመር አለው፤ በመስመሩ አቅጣጫ ጠንካራ ነው፣ በሌላው ይታጠፋል። ስለዚህ አንድ ንብርብር ብቻ አድርጋችሁ ከሰቀላችሁት በወሩ ይጎብጣል። ሁለት ካርቶን ውሰዱ። የአንዱ መስመር ቁልቁል፣ የሌላው አግድም ይሁን። በነጩ ኮላ አጣብቋቸውና ፍራሽ ጭናችሁ አሳድሯቸው። ጠዋት ስታነሱት እንደ ሳንቃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ድሬ ደረቅ ስለሆነች ካርቶን ይስማማታል። ሐረር ግን በክረምት ግድግዳ እርጥበት ሊስብ ስለሚችል ከካርቶኑ ጀርባ ቀጭን እንጨት አድርጉና አየር እንዲገባ ክፍተት ተዉለት።

ጨርቁን ስትወጥሩ ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ይጣመማል። የላይኛውን ጎን መሀል አያይዙ፣ ቀጥሎ የታችኛውን መሀል፣ ከዚያ ግራና ቀኙን። ከመሀል ወደ ጥግ እየሄዳችሁ ጨርሱ። ፍሊስ ስትጎትቱት ይለጠጣል፤ መጨማደዱ እስኪጠፋ ብቻ ይበቃል። ፍላኔል ከሆነ ሳትወጥሩት በፊት እጠቡት። በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ፀጉሩም ይነሳል።

ግድግዳውን በምስማር መደብደብ

የጁገል የድሮ ቤቶች ግድግዳ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ በኖራ የተቀባ ነው። ምስማር ስትመቱበት ልስኑ ይረግፋል፣ ምስማሩም አይዝም። ቤቶቹ ደግሞ ተራ ቤቶች አይደሉም። ጁገል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለአንድ ካርቶን ብሎ ያንን ግድግዳ መቦርቦር ያሳዝናል። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን ሰፌዶችና ሳህኖች አይታችሁ ከሆነ ለመስቀያ የተበጁ ቦታዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ካሉት መስቀያዎች ላይ በገመድ ማንጠልጠል ይቻላል።

ለተከራየ ሰው ደግሞ ቀላሉ መንገድ የመጋረጃ ብረት ነው። የጨርቁን ራስ አጥፋችሁ ብረቱ የሚገባበት ቱቦ ስፉለት፣ ከታች ደግሞ ቀጭን እንጨት አስገቡ። እንግዳ ሲመጣ ተጠቅልሎ ይነሳል። አከራዬ መጀመሪያ "ምን ልትሰቅዪ ነው?" ብለው ተቆጥተው ነበር። ምስማር እንደሌለው ሲያዩ ዝም አሉ። አሁን አልፎ አልፎ በሩ ላይ ቆመው "ያቺ ሰማያዊ ወደ ላይ ብትሆን" ይሉኛል። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው።

በጣም ትንሽ መሥራት

ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ሰሌዳ አንድ ጥግ ብቻ ያሳያችኋል። ጥጉ ያምር ይሆናል፤ ሙሉው ሲገጣጠም ግን ቀዮቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ። ለአንድ ሰው አልጋ ከሆነ ቢያንስ 150 በ200 ሴንቲ ሜትር ይኑራችሁ። ቦታ ከሌለ የቁም ሳጥኑን በር አልብሱት። ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

ቬንትሌተሩን መርሳት

ድሬዳዋ ያለ ቬንትሌተር አይኖርም። አራት ማታ ሙሉ 180 ቁራጭ ደርድሬ ነበር። መብራት ሄደ፣ እኔም ተኛሁ። የቬንትሌተሩን ማጥፊያ ግን አልነካሁትም። ሌሊት መብራት ሲመጣ በሙሉ ኃይሉ ተነሳ። ጠዋት ቁራጮቹ ከአልጋ ሥር፣ ከጫማ ውስጥ፣ ከበር ጀርባ ተለቀሙ። ግድግዳው ላይ የቀሩት አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። የዚያን ቀን ያለቀስኩት ለቁራጮቹ አይደለም። አደራደሩን ፎቶ አላነሳሁትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቬንትሌተሩ ከግድግዳው ጎን ሆኖ ወደ እኔ ይነፍሳል፣ ማታ ደግሞ ሶኬቱን እነቅላለሁ። ሥራ ሳቆም ግድግዳውን በስስ ነጠላ እሸፍነዋለሁ። አቧራውንም ይከለክላል። መስኮት ፊት ለፊት ከሆነም መጋረጃ ይኑር፤ ፀሐይ የለጠፋችሁትን ቁራጭ ያደበዝዘዋል። ማታ በቢጫ አምፖል ቀለም አትምረጡ። ክሬሙና ነጩ አንድ ይመስላሉ፣ ጠዋት ሲነጋ ይለያያሉ።

ግድግዳው ሥር ተለጥፎ መቆም

ግድግዳ መሥራት ብቻ አይበቃም፤ ራቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ በሩን ከፍታችሁ ከግቢ እዩት፣ ወይም ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ። ከሁሉም የጠቀመኝ ስልኬ ነው። ፎቶ አንስታችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ቀይና አረንጓዴ ለዓይን በጣም ይለያያሉ፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሥራችሁ ከሩቅ ለምን እንደደበዘዘ ይገባችኋል። የሚጎድለው ሌላ ቀለም ላይሆን ይችላል፤ አንድ ጠቆር ያለ ወይም አንድ ፈካ ያለ ቁራጭ ይበቃው ይሆናል።

ግድግዳው ላይ ያለውን መጠን ማመን

ይህ ብዙ ሰው አንዴ ይሠራውና ሁለተኛ አይረሳውም። የለጠፋችሁት ቁራጭ ለስፌት የሚገባው ጠርዝ ገና አልተቀነሰለትም። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ቁራጭ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ስፌት ውስጥ ቢገባ የሚታየው 8.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጎን ለጎን 15 ብትደረድሩ ግድግዳው ላይ 150 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ተሰፍቶ ሲያልቅ 133 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ሊሸፍን የታሰበው አልጋ ዳሩ ባዶ ይቀራል። ልክ የምትወስዱት በስሌቱ ይሁን።

መስመሩ ቀጥ እንዲልላችሁ ክር ላይ ብሎን አስራችሁ ከላይ አንጠልጥሉት። እንደ ግንበኛ ቱንቢ ያገለግላል።

ሁሉንም አንዴ ማውረድ

ደርድራችሁ ወዳችሁት ሳለ ሰብስባችሁ ስፌት መኪናው አጠገብ ብትከምሩት ልፋታችሁ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። አንድ ረድፍ ብቻ አውርዱ። ከግራ ጀምራችሁ የመጀመሪያው ከላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ደራርቧቸው። ትንሽ ወረቀት ላይ የረድፉን ቁጥር ጽፋችሁ በመጀመሪያው ቁራጭ ግራ ጎን በእስፒል ያዙት። እስፒሉ ያለበት ጎን ሁልጊዜ ግራ ነው፤ ቁራጩ ቢዞርባችሁም ታውቁታላችሁ። ሰፍታችሁ ስትጨርሱ ረድፉን ወደ ቦታው መልሱና ቀጣዩን አውርዱ።

የእኔ ግድግዳ ላይ አሁን ሰባት ረድፍ ተሰፍቷል፣ ስምንት ይቀራል። ከስምንተኛው ረድፍ መሀል አንድ ቁራጭ ገና አልተቆረጠም። ለእሱ ቦታ ጠቆር ያለ አረንጓዴ እፈልጋለሁ፤ ቅዳሜ መኪና ግርግር ወጥቼ ሽማግሌውን እጠይቃቸዋለሁ።