ባንዲኩትን ወደ ዱር መመለስ፦ ሥራው እንዴት ይሠራል?

ባንዲኩት ክብደቷ ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ የማይሞላ፣ እንደ ካንጋሮ ልጆቿን በሆዷ ኪስ የምታሳድግ እንስሳ ናት። አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ ነው። እዚህ የማወራላችሁ በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ የምትኖረው፣ ዳሌዋ ላይ ነጣ ያሉ መስመሮች ያሏት ዓይነት ነች። ቀን ሣር ውስጥ ተኝታ ትውላለች፤ ማታ ወጥታ አፈር እየጫረች ትልና ጥንዚዛ ትለቅማለች። ኪሷ የሚከፈተው ወደ ኋላ ነው። ስትቆፍር አፈሩ ልጆቿ ላይ አይገባም።

ቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ ሜዳውን ሞልታ ትኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን የቀረችው ሃሚልተን በምትባል ከተማ ዙሪያ ብቻ ነው። በቆሻሻ መጣያ የተጣሉ አሮጌ መኪኖች ሳይቀሩ መሸሸጊያ ሆነዋት ነበር። በኋላ ከዱር ጨርሳ ጠፋች ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ግዛቱ «ከዱር የጠፋች» ከሚለው መዝገብ አውጥቶ «ለመጥፋት የተቃረበች» ወደሚለው አዛወራት። አውስትራሊያ ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። እዚያ የተደረሰው በሚከተለው መንገድ ነው።

መጀመሪያ ጠላቷን ማስወገድ

እንስሳ ከማምጣት በፊት አንድ ጥያቄ ይመለስ፦ ለምን ጠፋች? የምትኖርበት የሣር ሜዳ ታርሶ አለቀ። የተረፈውን ደግሞ ቀበሮና ድመት ጨረሱት። ቀበሮ ስል የባሌውን ቀይ ቀበሮ ማለቴ አይደለም። ይሄኛው ለአደን ጨዋታ ተብሎ ከአውሮፓ የመጣ ነው።

ከ1989 ጀምሮ ባንዲኩቶች በስምንት ቦታዎች ተለቀዋል። አብዛኞቹ ሙከራዎች ከሽፈዋል፤ ቀበሮና ድርቅ ተባብረው ጨረሷቸው። ስለዚህ እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ደረጃ ነው። «ቀበሮውን ቀንሰነዋል» የሚባል ነገር አይሠራም። ጥቂት ቀበሮዎች ብቻቸውን አንድን ሰፈር ባንዲኩት ሊጨርሱ ይችላሉ።

አንደኛው መፍትሔ አጥር ነው። ቁመቱ 1.8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወንፊቱ የጥንቸል ግልገል የማያሳልፍ ጠባብ ይሁን። ከላይ ያለው ጫፍ ወደ ውጭ ታጥፎ ልል ይደረጋል፤ ቀበሮ ወይም ድመት ሲንጠለጠልበት እየተወዛወዘ ይጥለዋል። ከታች ሽቦው ወደ ውጭ መሬት ላይ ይነጠፋል ወይም ይቀበራል፤ ቀበሮ አጥር ሥር ገብቶ መቆፈር ይወዳል።

አጥር ሠርቶ መሄድ ግን አይቻልም። ኩዊንስላንድ ውስጥ በከራዊንያ ብሔራዊ ፓርክ ቢልቢ ለምትባል ሌላ ባለኪስ እንስሳ አጥር ተሠርቶ ነበር። ጎርፍ ጎዳው፣ ድመት ገባ፣ ቢልቢዎቹ አለቁ። አጥሩ ተጠግኖ ቢልቢዎች እንደገና የገቡት በ2019 ነው። አጥር ጠባቂም፣ የዕለት ተዕለት በጀትም ይፈልጋል።

ሁለተኛው መፍትሔ ደሴት ነው። ቪክቶሪያ ውስጥ ያለው ፍሬንች ደሴት ድሮም ቀበሮ የለበትም። እዚያው ግዛት ያለው ፊሊፕ ደሴት ላይ ግን ቀበሮው ለዓመታት ታድኖ፣ ደሴቱ ከቀበሮ ነፃ መሆኑ በ2017 ተነገረ። ደሴቱን ከዋናው መሬት የሚያገናኝ ድልድይ አለ፤ ስለዚህ በካሜራና በአነፍናፊ ውሻ መከታተሉ ዛሬም አልቆመም።

የሚለቀቁትን መምረጥ

ከሃሚልተን የተወሰዱት ጥቂት ባንዲኩቶች ዙስ ቪክቶሪያ በሚባለው ድርጅት የእንስሳት ማቆያዎች ውስጥ ተዋልደው በዙ። ከጥቂት ወላጆች የመጣ ዘር እርስ በርሱ ሲጋባ ይዳከማል። መድኃኒቱ ደም ማደባለቅ ነው፤ ከታዝማኒያ የመጡ ዘመዶቻቸው ጋር የማዳቀል ሥራ ተሠርቷል። ከሌላ ዱር የሚወሰዱ ከሆነም ቁጥሩ በጥንቃቄ ይወሰን፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

መያዝና ማጓጓዝ

ይህ ያለ መንግሥት ፈቃድና ያለ ሠለጠነ ሰው አይነካም። ወጥመዱ የሽቦ ሳጥን ነው። ማጥመጃው የለውዝ ቅቤና አጃ ተለውሶ የተድበለበለ ነው። ሲመሽ ይጠመዳል፣ ሳይነጋ ይታያል። የተያዘችው ባንዲኩት ወደ ጨርቅ ከረጢት ትገባለች፤ ጨለማው ያረጋጋታል። ትመዘናለች፣ ኪሷ ይታያል፣ መለያ ቺፕ ከቆዳዋ ሥር ይገባላታል። እናቲቱ ከደነገጠች ልጆቿን ከኪሷ ልትጥል ትችላለች። እጅ ለስላሳ፣ ድምፅ ዝቅ ይበል። ኪሷ ውስጥ ትልልቅ ልጆች ካሉ ወደ ሌላ ቦታ ባትወሰድ ይሻላል። ለጉዞው አየር የሚያስገባ፣ ደረቅ ሣር የተጎዘጎዘበት ሳጥን ይበቃል።

መልቀቅ

ፎቶ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው፤ ከሥራው ሁሉ ቀላሉም ይኸው ነው። ከመሸ በኋላ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ባለበት ሳጥኑ ይከፈታል። መጀመሪያ በረት ውስጥ እየመገቡ ማለማመድ ይጠቅማል ወይ ተብሎ ተፈትኗል። ለዚህች እንስሳ ያን ያህል ልዩነት አላመጣም።

ከዚያ በኋላ

አንዳንዶቹ ላይ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ይታሰርና ለሳምንታት ይከተሏቸዋል። ሞታ የተገኘችው ባንዲኩት ምን እንደገደላት ይመረመራል፤ ቀበሮ፣ መኪና ወይስ በሽታ? በድመት ኩስ የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ባንዲኩትን ይገድላል። ከዚያ ወጥመዱ በየጊዜው እየተጠመደ ይቆጠራል። በዓመት አንዴ ብቻ ሄዶ ማየት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ተስፋ የሚሰጠው ምልክት ቺፕ የሌላት ባንዲኩት ወጥመድ ውስጥ መገኘቷ ነው፤ እዚያው ተወልዳለች ማለት ነው። እርግዝናዋ 12 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ ሰላም ካገኘች ቶሎ ትበዛለች።

ነዋሪውም ድርሻ አለው። ሜልቦርን ያላችሁ ወገኖች ወደ ፊሊፕ ደሴት ስትሄዱ፣ ከመሸ በኋላ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ውሻና ድመት ይዛችሁ ባትሄዱ ይመረጣል። ደሴቱ ላይ ወይም ድልድዩ አካባቢ ቀበሮ ካያችሁ ደግሞ ነገ ሳትሉ ለደሴቱ ተፈጥሮ ጠባቂዎች ደውሉ።