ጥላሸት የበላው ቦይለር በምን ይጠረጋል (አዳማ ላይ እንደምንሰራው)

ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ጭስ ማውጫው ስር ያለችውን ቴርሞሜትር እዩዋት። ብዙ ቦታ መስታወቷ ራሱ ጥላሸት ለብሶ ማንም ዞር ብሎ አያያትም፣ እኛም ጋ እንደዛ ነበር፣ አንድ ቀን በጨርቅ ጠረግ ሳደርጋት 290 ትላለች። የኛ ቦይለር (ውሃ አፍልቶ ለፋብሪካው እንፋሎት የሚሰጠው) በ7 ባር ግፊት ነው የሚሰራው፣ በ7 ባር እንፋሎቱ 170 ዲግሪ ነው፣ ጭሱ የሚያልፍበት ቱቦ ንፁህ ከሆነ ጭሱ ከእንፋሎቱ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ቢበልጥ ነው፣ ማለትም 220 አካባቢ። ስለዚ 70 ዲግሪ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ እየሄደ ነበር፣ ባለቤቱ ደሞ "ነዳጅ በዛ" እያለ በጎን ለጎን እኛን ይጠረጥራል። በሙያው ውስጥ የሚታወቅ ግምት አለ፣ ጭሱ በ20 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ 1 ፐርሰንት ነዳጅ ይባክናል። በቀን 1000 ሊትር ለሚያነድ ቦይለር 70 ዲግሪ ማለት 35 ሊትር ነው፣ ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሌባው ቱቦው ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ስታነፃፅሩ ግን በርነሩ (ነዳጁን ረጭቶ የሚያነደው) በተመሳሳይ ጭነት ላይ እያለ ይሁን፣ ከፍተኛ እሳት ላይ ያለውን ከዝቅተኛው ጋር ካወዳደራችሁ ቁጥሩ ይዋሻል። እኔ ካጸዳሁ ማግስት ያለውን ቁጥር እይዝና ከዛ 40 ዲግሪ ሲያልፍ እሁድን ለጽዳት እጠይቃለሁ። በወር ይጸዳ በሶስት ወር ይጸዳ የሚባለውን አላምንበትም፣ ናፍጣ የሚያነድና ፈርነስ (ወፍራሙን ጥቁር ነዳጅ) የሚያነድ ቦይለር በአንድ ካላንደር አይሄዱም።

የማወራው ስለ ፋየር ቲዩብ ነው፣ እሳቱና ጭሱ ቱቦው ውስጥ የሚያልፍበት፣ ውሃው ከውጪ የሚከብበት። ትንንሽና መካከለኛ ፋብሪካ ውስጥ በብዛት የምታገኙት ይሄንን ነው፣ ጥላሸቱ ቱቦው ውስጥ ስለሚቀመጥ ብሩሽ ይገባለታል። ወንጂ ሄዳችሁ የስኳር ፋብሪካ ቦይለር ካያችሁ ነገሩ ግልባጭ ነው፣ ሸንኮራው ተጨምቆ የሚቀረውን ባጋስ ነው የሚያነዱት፣ ውሃው ቱቦ ውስጥ እሳቱ ውጪ። እዛ በብሩሽ አትደርሱበትም፣ ሱት ብሎወር የሚባል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእንፋሎት ቧንቧ በቱቦዎቹ መሀል እየዞረ ወይ እየገባ እየወጣ ይነፋዋል፣ ያውም ቦይለሩ እየሰራ። እሱ ላይ የምትሰሩ ካላችሁ ሁለት ነገር ብቻ ልበል፦ ከመንፋታችሁ በፊት መስመሩን አሙቁና ውሃውን በደንብ አፍስሱ፣ ከእንፋሎት ጋር የሚወጣ የውሃ ጠብታ ቱቦ ይበላል፤ ሲነፋ ደሞ ከእሳቱ ወደ ጭስ ማውጫው አቅጣጫ በተራ ነው፣ በተቃራኒው ካደረጋችሁት ያጸዳችሁትን መልሳችሁ ታቆሽሻላችሁ።

ወደ ብሩሽ እንመለስ። እውነቱን ለመናገር ለፋየር ቲዩብ ትክክለኛ ልክ ያለው የሽቦ ብሩሽ ከተገኘ ዘጠና ፐርሰንቱ ስራ አለቀ፣ ችግሩ "ትክክለኛ ልክ" የሚለው ላይ ነው። ቱቦው 63.5 ሚሊ ነው ብለው ይነግሯችኋል፣ እሱ የውጪው ነው፣ ግድግዳው 3.6 ሚሊ ከሆነ ውስጡ 56.3 ነው የሚሆነው። ብሩሹ ከውስጡ ልክ በ2 ወይ በ3 ሚሊ መብለጥ አለበት፣ ስለዚ 58 ወይ 59። በካሊፐር ስትለኩ መጀመሪያ ጥላሸቱን ጠረግ አድርጉ፣ አፉ ላይ ብቻም አትለኩ፣ ቱቦው ሳህኑ (የቱቦዎቹ ጫፍ የሚሰካበት ወፍራም ብረት) ላይ ሲወጠር አፉ ሰፍቷል፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ በሉ። ያነሰ ብሩሽ ጥላሸቱን አሽቶ ለስላሳ ያደርገውና ያጸዳ ይመስላል፣ የበለጠ ደሞ መሀል ላይ ይቀረቀራል። አዲስ ብሩሽ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ በአንድ እጅ ሽው ብሎ ከሄደላችሁ ሽቦው ተኝቷል፣ ጣሉት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ብላችሁ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት።

እጀታው ላይ እናውራ፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቱቦው 4 ሜትር፣ ከቦይለሩ በር እስከ ግድግዳው 2 ሜትር ከሆነ አንድ ረጅም ዘንግ አይገባም፣ ስለዚ 1.5 ሜትር 1.5 ሜትር የሆኑ በጥርስ የሚቀጣጠሉ ዘንጎች ናቸው የሚያስፈልጉት። እኛ ቶርኖ ቤት ወስደን ነው ያሰራነው። ጥርሱ ቀኝ ከሆነ ስትገፉ ሁሌም ወደ ቀኝ ብቻ ነው የምታዞሩት፣ ወደ ግራ አንዴ ካዞራችሁ ዘንጉ ይፈታና ብሩሹ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ህግ ደሞ ብሩሹ በሌላኛው ጫፍ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ወደ ኋላ መጎተት የለም። ሽቦው ሲገባ ወደ ኋላ ተኝቶ ነው የሚሄደው፣ መሀል ላይ ስትጎትቱት ልገለበጥ ይልና ግድግዳው ላይ ይነከሳል፣ ጠንካራ ብሩሽ ከሆነ በቃ አይንቀሳቀስም።

ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት። የመጀመሪያ ስራዬ ላይ፣ ያኔ ረዳት ነበርኩ፣ ሁለተኛው ፓስ (ጭሱ ለሁለተኛ ጊዜ የሚያልፍበት የቱቦ ረድፍ) ላይ አንዷ ቱቦ ከበደችኝና ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አድርጌ በኃይል ልምታት ብዬ ጎተትኩ፣ አልመጣም፣ ስታገል ሳላስተውል ወደ ግራ አዞርኩት፣ ዘንጉ ባዶውን እጄ ላይ መጣ። ብሩሹ ሁለት ሜትር ውስጥ። የሺፍት ኃላፊው ጋሼ እንለው ነበር፣ መጥቶ በባትሪ አየና ምንም ሳይናገር ሄዶ ቱቦው ውስጥ የምትገባ ወፍራም ቧንቧ ይዞ ተመለሰ። እኔ ከፊት በገባበት አቅጣጫ ልግፋው ስለው "አንተ የምትገፋው ነገር አለህ? ዘንግህ ጥርሱ ተበልቷል" አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ሰው ደጋግሞ በፒንሳ ይዞ ሲያጠብቀው ጥርሱ ክር ክር ሆኗል። በመጨረሻ ከፊት በኩል በዛች ወፍራም ቧንቧ እየመታን በገባበት አቅጣጫ አሳልፈን በኋላ በር አወጣነው፣ ሶስት ሰዓት ፈጀ። እሱን ነገር ወደ መጣበት ለመመለስ ብንሞክር ኖሮ እስካሁን እዛው ነበር። ከዛ ወዲህ ከስራ በፊት የእያንዳንዱን ዘንግ ጥርስ በጣቴ ሳልዳስስ አልጀምርም።

ብሩሽ የማይነካው ጥላሸት አለ። የገጠር ማድቤት ጣራ ላይ የሚንጠለጠለውን የሚያብረቀርቅ ጥቀርሻ ታውቁት የለ፣ እንደሱ የሚጠነክር። ፈርነስ በደንብ ሳይሞቅ ሲረጭ ወይ ነዳጁን የሚረጨው ኖዝል ሲያንጠባጥብ ነው የሚመጣው። ለዚህ ስክሬፐር አለ፣ ጠርዝ ጠርዝ ያላቸው የብረት ምላሶች በሞላ ተወጥረው ግድግዳውን እየፋቁ የሚሄዱበት። መጀመሪያ ስክሬፐር፣ ቀጥሎ ብሩሽ። ፌሮ ጫፉን አጥፈው የሚፍቁ አይቻለሁ፣ ተዉ፣ ቱቦውን ይጭራል፣ የተጫረ ቦታ ላይ ደሞ ጥላሸት ይበልጥ ይይዛል።

ሞተር ያለው ማሽንም አለ፣ ጉድዌይ ምናምን የሚሰሩት፣ ረጅም ተጣጣፊ ዘንግ በጎማ ውስጥ ሆኖ ጫፉ ላይ ያለውን ብሩሽ ያሽከረክራል፣ በእግር ፔዳል ነው የሚበራው፣ ቫኪዩም የሚገጠምለትም ስላለ ጥላሸቱ ፊታችሁ ላይ አይመጣም። መቶ ምናምን ቱቦ ያለው ቦይለር ካላችሁ አሪፍ ነገር ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን ይጨርሳል። ትንሽ ቦይለር ላላችሁ ግን ለማሽኑ ስትሉ አትበደሩ። እኛ አንዴ ተጣጣፊ ዘንግ ከትራፓኖ ጋር አያይዘን ሞከርን፣ ፍጥነቱ በዛና ዘንጉ እንደ እባብ ተገርፎ የልጁን እጅ ሊሰብር ነበር፣ የብሩሹ ሽቦ ደሞ ተነቅሎ እንደ መርፌ ይበርራል። ማድረጋችሁ ካልቀረ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ብሩሹ ቱቦ ውስጥ ከገባ በኋላ ብቻ አብሩት፣ ከመውጣቱ በፊት አጥፉት።

ሌላ ሰው የሚያሳስታችሁ ነገር፣ በአየር የሚሽከረከር ባለ መዶሻ ጭንቅላት አለ፣ እሱ ለውሃ ድንጋይ ነው፣ ውሃው ቱቦ ውስጥ ለሚሄድባቸው ቦይለሮች። ለጥላሸት አታስገቡት። ኮምፕሬሰር ይዞ መንፋትም ሙሉ ጽዳት አይደለም፣ ልቅ የሆነውን ብቻ ነው የሚያነሳው፣ በሁለት ጽዳት መሀል ለማራዘም ግን ይጠቅማል። በእንፋሎት ግን ቀዝቃዛ ቱቦ አትንፉ፣ ፈርነስ ውስጥ ሰልፈር አለ፣ ጥላሸቱ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ያለበት ጭቃ ይሆናል፣ ብረቱን ቁጭ ብሎ ይበላል። ለክረምት ወይ ለጥገና ብላችሁ ቦይለር ለረጅም ጊዜ የምታቆሙ ከሆነም ሳይጸዳ አትዝጉት፣ በዚሁ ምክንያት።

የስራው ቀን እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ በርነሩን አጥፉ፣ የነዳጁን ቫልቭ ዝጉ፣ ኤሌክትሪኩን ከፓነሉ አውርዳችሁ ቁልፍ አድርጉበትና ቁልፉ ኪሳችሁ ይሁን፣ ሌላ ቦይለር ጎን ለጎን ካለ ዋናውን የእንፋሎት ቫልቭም ዝጉት። በራሱ ይቀዝቅዝ፣ ለማፍጠን ብላችሁ ትኩስ ውሃውን አታፍስሱ ቀዝቃዛም አትጨምሩ፣ ቱቦው ሳህኑ ላይ ይላላል። ውሃው ውስጥ መቆየቱ ለዚህ ስራ ምንም ችግር የለውም። እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት በሩን ክፈቱ። ሰዓቱን ያለምክንያት አልጻፍኩትም፣ አዳማን የሚያውቅ ያውቃል፣ ንፋሱ ሳይነሳ ነው፣ ያለ ነገር አይደለም የንፋስ ኃይል ማመንጫ እዚህ የተከሉት። ከረፈደ ከፍታችሁ ነፋስ ከገባ ጎረቤት ያሰጣው ልብስ በናንተ ሂሳብ ነው።

ቱቦዎቹ ውስጥ የተጠማዘዙ ላሜራዎች ካሉ መጀመሪያ እነሱ ይውጡ፣ ከየትኛው ቱቦ እንደወጡ በቾክ ምልክት አድርጉ። ከዛ ከላይኛው ረድፍ ወደ ታች፣ ከታች ከጀመራችሁ የላይኛው ይወርድባችኋል። የጨረሳችሁትን ቱቦ አፍ በቾክ ንኩት፣ አለበለዚያ ከሻይ ስትመለሱ የት እንደደረሳችሁ አታውቁም። ጨርሳችሁ አንዱ ከኋላ ባትሪ ያብራ ሌላው ከፊት ይይ፣ ቱቦው እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ጥርት ብሎ ክብ ሆኖ መታየት አለበት። እግረ መንገዳችሁን የቱቦዎቹን አፍ እዩ፣ ነጭ ጨው የሚመስል መስመር ወይ እርጥብ ቦታ ካለ እዛ ጋ ያፈሳል፣ እሱ የብሩሽ ስራ አይደለም፣ ባለሙያ ይጠራ።

ማስክ ያለማድረግ ጀግንነት አይደለም። በፈረንጅ 1775 ላይ ፐርሲቫል ፖት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ላይ ጥላሸት ካንሰር እንደሚያመጣ ጽፏል፣ ፈርነስ ከሆነ ደሞ አመዱ ውስጥ ቫናዲየም ስላለ ሳንባ ይቆጣል፣ ለሳምንት የሚያስል ሰው ያየ ያውቀዋል። ጓንቲ፣ መነፅር፣ እጅጌው የሚዘጋ ቱታ፣ ማስኩም ጨርቅ ሳይሆን ፊልተር ያለው። እሳት ቤቱ ውስጥ የሚገባ ሰው ካለ ብቻውን አይገባም፣ ውጪ የሚጠብቀው ሰው ይኑር፣ መብራቱም የ24 ቮልት ይሁን።

ጥላሸቱ ምን እንደሚመስልም ሳታዩት የሚጣልበት ከረጢት ውስጥ አትጨምሩት። ቀላል ጥቁር ዱቄት ከሆነ አየር አንሶታል፣ የሚያጣብቅ ከሆነ ነዳጁ ወይ አልሞቀም ወይ ኖዝሉ አርጅቷል። አዳማ ከባህር ጠለል ከ1600 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ከባህር ዳርቻው በ15 ፐርሰንት ገደማ የሳሳ ነው፣ ውጪ አገር ባህር ዳርቻ ላይ ተስተካክሎ የመጣ በርነር እዚህ ሲነሳ ያው ፋን ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፣ ስለዚ ወይ አየሩ ይከፈትለት ወይ ነዳጁ ይቀነስለት። አዲስ ቦይለር በሁለት ሳምንት ጥላሸት ሞላው ብለው ብሩሽ ሲገዙ ያየኋቸው አሉ፣ ዳምፐሩን (የአየሩን መግቢያ የሚያሰፋ የሚያጠበውን) ማንም አልነካውም ነበር።

በሩን ስትዘጉ ጭስ እንዳያስወጣ በሩ ዙሪያ የሚገባውን ገመድ እዩት፣ ጠንክሮ ከተሰባበረ ቀይሩት፣ ድሮ የተገጠመ ነጭ ገመድ ከሆነ ግን አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል በደረቁ አትፋቁት፣ አርጥቡት። ዳዶዎቹን በአንድ በኩል ጨርሳችሁ አታጥብቁ፣ በመስቀል እያፈራረቃችሁ። ሰኞ ጠዋት በዝቅተኛ እሳት ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ሙሉ ጭነት ላይ ሲደርስ ቴርሞሜትሯን እዩ። የኛ ያኔ 224 አለች፣ ቁጥሩንና ቀኑን ፓነሉ በር ውስጠኛው ላይ በማርከር ጻፍኩት፣ አሁን ከስሩ አስራ አንድ ቁጥር አለ።